ጫማን ገልብጦ ማየት፦ በእጅ የተሰራ የወንድ ቆዳ ጫማና ቦት አመራረጥ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለጓደኛዬ ሠርግ ሚዜ ሆኜ አዲስ ጥቁር ቆዳ ጫማ ገዛሁ። ሲያብረቀርቅ ለጉድ ነው። ሻጩ "በእጅ የተሰራ፣ ኦሪጅናል ቆዳ" አለኝ። እኔም ፊቴን አየሁበትና አመንኩ። ሠርጉ ደብረ ብርሃን ነበር፣ ጥር ላይ። ጠዋት ሙሽራዋን ልናመጣ ስንወጣ መሬቱ ውርጭ ለብሷል። እስከ ምሳ ሁሉም ሰላም። ከሰዓት በኋላ ጭፈራው ሲደምቅ ግን የቀኝ እግሬ ሶል እንደ አዞ አፍ ተከፈተ። የቀረውን እስክስታ ባለሁበት ቆሜ በትከሻዬ ብቻ ጨረስኩት።

በማግስቱ አንድ ጫማ ሰፊ ጋ ወሰድኩት። ሽማግሌ ናቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ጫማውን ተቀብለው ፊቱን እንኳ አላዩም። ገለበጡት። እጃቸውን ከተው ዳበሱት። አሸተቱት። ከዚያ በቢላ ሰነጠቁት። ውስጡ ካርቶን ነው፣ ያውም ረጥቦ የላመ።

"አየህ ልጄ፣ አንተ የገዛኸው ቀለም ነው" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ጫማ የማየው እሳቸው እንዳዩት ነው። ሠሪው "እዚህ ጋ ማንም አያይም" ብሎ ያሰበውን ቦታ ፈልጌ አያለሁ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እሱው ነው፣ በቅደም ተከተል።

1. መጀመሪያ መሬቱን ወስኑ

ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት ጫማው የት እንደሚረግጥ አስቡ። የኛ ሰሜን ሸዋ አንድ ዞን ይባላል እንጂ ለጫማ ሦስት አገር ነው።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር ጠዋት ጠዋት ውርጭ አለ። መንዝማ አይነሳ። እዚህ የሚመቸው ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ቦት ነው፣ ወፍራም ካልሲ የሚያስገባ። ስትለኩት ያንኑ ወፍራም ካልሲ አድርጋችሁ ለኩ። ብዙ ሰው በስስ ካልሲ ለክቶ ይገዛና ኅዳር ሲመጣ ጣቱ ይታፈናል።

እነዋሪና ደነባ በኩል ደግሞ ዋልካ አለ። በሐምሌ ዋልካ የረገጠ ያውቀዋል። እግር ሲነሳ ግማሽ ማሳ አብሮ ይነሳል፣ የተጣበቀ ሶል ካለ ዋልካው ይጠባዋል። እዚያ የቆዳ ሶል አይታሰብም። ቆዳ ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ያንሸራትታል። ጥርሱ ሰፋ ሰፋ ያለ የጎማ ሶል፣ ያውም ተሰፍቶ የተያዘ ይሁን። ጥርሱ ከተቀራረበ ጭቃውን ይዞ ስለሚቀር ምንም አይረባም።

ከጣርማ በር ወርዳችሁ ደብረ ሲናን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ይወርዳል። ሙቀት ነው። እግር ያብጣል፣ ያልባል። ለዚያ አገር ቀለል ያለ አጭር ጫማ፣ ገበሩ እውነተኛ ቆዳ የሆነ ይሻላል። የፕላስቲክ ገበር እዚያ እግር ይቀቅላል።

ለቢሮ፣ ለሠርግና ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ከሆነ የቆዳ ሶል ያምራል፣ ይተነፍሳልም። ኮብልስቶን ላይ ግን ቶሎ ይበላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ገና በአዲስነቱ ከፊት ለፊቱ ስስ ጎማ አስለጥፉበት። ውበቱን አይነካም፣ ዕድሜውን ያረዝመዋል።

2. እግራችሁን ለኩ፣ ቁጥሩን እርሱት

"ስንት ቁጥር ነህ?" "42።" ይሄ መልስ ግማሽ መልስ ነው። እኛ የምንጠቀምበት የአውሮፓ ቁጥር አንዱ ከሌላው የሚለየው በሁለት ሦስተኛ ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ 42 ማለት ጫማው የተሰራበት ፎርማ፣ ማለትም ጫማው የሚወጠርበት የእግር ቅርጽ፣ 28 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል ማለት ነው። የእግራችሁ ርዝመት ከዚያ አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ያህል ማነስ አለበት። ስለ ስፋት ግን ቁጥሩ ምንም አይናገርም።

የኛ ችግር ደግሞ ስፋቱ ላይ ነው። ብዙዎቻችን በባዶ እግር፣ በኮንጎ ጫማና በበረባሶ ነው ያደግነው። ጣቶቻችን እንደልባቸው ተዘርግተዋል። ከውጭ የሚመጣ ሹል ጫማ እንዲህ ላለ እግር ቅጣት ነው። በእጅ የሚሰራ ጫማ ትልቁ ጥቅሙም ይሄው ነው፤ ሠሪው ፎርማው ላይ ቁራጭ ቆዳ ለጥፎ ለእናንተ እግር ሊያሰፋው ይችላል።

ለመለካት ማታ ላይ ወረቀት መሬት ላይ አንጥፉ። ቀን ሙሉ የዋለ እግር ትንሽ ያበጠ ስለሆነ እውነተኛው ልክ ያኔ ነው። ቆማችሁ፣ ሁለቱንም እግር፣ እርሳሱን ቀጥ አድርጋችሁ ዙሪያውን ሳሉ። ሌላ ሰው ቢስልላችሁ ጥሩ ነው፣ ራሳችሁ ስታጎነብሱ ክብደታችሁ ይዛባል። ከዚያ በክር የእግራችሁን ሰፊውን ቦታ ዙሪያ ለኩ፣ ከአውራ ጣት ሥር ያለውን ጉብታ ማለቴ ነው። አንዱ እግር ከሌላው ቢበልጥ አትደንግጡ፣ የብዙ ሰው እንደዚያ ነው። በትልቁ እግር ግዙ።

ስትሞክሩ የእግራችሁ ሰፊ ቦታ ከጫማው ሰፊ ቦታ ጋር መግጠም አለበት። የጫማው ሰፊ ቦታ ወደ ኋላ ከቀረ "ይለመዳል" የሚለውን የሻጭ ወሬ አትስሙ። ቆዳ በስፋት ትንሽ ይለቃል፣ በርዝመት አይጨምርም። ተረከዙ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ቢያነሳ ግድ የለም።

3. ቆዳውን አንብቡ

እዚህ ጋ ረጋ በሉ፣ ብዙ ሰው የሚታለለው በቆዳው ነው።

የከብት ቆዳ ወፍራም ስለሆነ ፋብሪካ ውስጥ ለሁለት ይሰነጠቃል። የላይኛው፣ ጸጉር የነበረበት በኩል፣ ቃጫው እርስ በርሱ የተጠላለፈና ጠንካራ ነው። የታችኛው ልል ነው። ርካሽ ጫማ የሚሰራው ከታችኛው ነው፤ ላዩ ላይ ፕላስቲክ ይቀባና የቆዳ ቅርጽ ይታተምበታል። "ጄኑይን ሌዘር" የሚል ማኅተም ቢኖርበት ውሸት አይደለም። ቆዳማ ቆዳ ነው። ደረጃውን ግን ማኅተሙ አይነግራችሁም።

በመሃል ሌላም አለ። የላይኛው ቆዳ ሆኖ ጠባሳው በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ የተቀባ። ለወታደር ቦትና ለሥራ ጫማ አይከፋም። በጥሩ ቆዳ ዋጋ ሲሸጥ ነው የማይሆነው።

እንዴት ይለያል? አውራ ጣታችሁን ጫኑበት። ጥሩ ቆዳ ላይ ቀጫጭን መስመሮች እንደ ፀሐይ ጮራ ይፈነጠቃሉ፣ ስትለቁት ይጠፋሉ። የተቀባ ፕላስቲክ ወይ ዝም ይላል ወይ እንደ ላስቲክ ይጎደጉዳል። ቀጥሎ በብርሃን ፊት ያዙት። የጸጉር ቀዳዳዎቹ ወጥ ያልሆኑ፣ አንድ ቦታ ጥቅጥቅ ሌላ ቦታ ሳሳ ያሉ ከሆኑ የተፈጥሮ ነው። በማሽን የታተመ ከሆነ አንድ ዓይነት ምስል እየተደጋገመ ይመጣል። ከዚያ የተቆረጠ ጠርዝ ፈልጉ፣ ምላሱ ወይም የማሰሪያው ቀዳዳ አካባቢ ይገኛል። እውነተኛ ቆዳ ጠርዙ ላይ ቃጫ ቃጫ ይላል። ከላይ ስስ ልጣጭ ተለይቶ ከታየ ጉዳዩ አልቋል።

ክብሪት ለኩሶ መሞከርን እርሱት። ገበያ ላይ ሲያደርጉት አይቻለሁ። የተቀባም ቆዳ ሥሩ ቆዳ ስለሆነ የጸጉር ቃጠሎ ሽታ ይሸታል፤ ጥሩውም ቆዳ ላዩ ላይ ማጠናቀቂያ ቀለም ስላለው ይጠቁራል። ጫማ ከማበላሸት በቀር የሚነግራችሁ ነገር የለም።

አሁን ስለ ጠባሳ። የአገራችን ቆዳ ጠባሳ አያጣውም። በሬው ሞፈርና ቀንበር ተሸክሟል፣ ጅራፍ ቀምሷል፣ እሾህ ቧጥጦታል፣ አንዳንዱ በጋለ ብረት ተተኩሷል። በግና ፍየሉ ላይ ደግሞ ቅማልና መሰል ተባይ የሚያመጣው እከክ አለ፤ ቆዳው ከለፋ በኋላ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። እንስሳው በሕይወት ሳለ የዳነ ትንሽ ጭረት ጫማው ጎን ላይ ባገኝ እኔ ቅር አይለኝም። እንዲያውም ቆዳው ተፍቆ እንዳልተቀባ ምስክር ነው። ፊቱ ላይ፣ እግር የሚታጠፍበት ቦታ ከሆነ ግን አልቀበልም።

የሚያስፈራው ጠባሳ ከውስጥ በኩል ያለው ነው። በበዓል ቤት ውስጥ ስናርድ ቢላው ሥጋውን አልፎ ቆዳውን ይወጋዋል። ከላይ አይታይም። ጫማው ስድስት ወር ሲታጠፍ ልክ በዚያ መስመር ይቀደዳል። ስለዚህ የምታዝዙ ከሆነ ቆዳው ሳይሰፋ ጀርባውን አሳዩኝ በሉ።

ከየትኛው እንስሳ? ለአጭር ጫማ የጥጃ ቆዳ ካገኛችሁ ዕድለኛ ናችሁ፣ ልሙጥና ጠንካራ ነው። ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ትንሽ ከፍ ካለ ይበቃል። ለቦት የበሬ ወይም የላም ቆዳ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ። የፍየል ቆዳ ቀላልና የማይበገር ነው፣ ለቆላ ጫማ እወደዋለሁ። የበግ ቆዳ ግን ለጫማ ፊት አይሁን። የኢትዮጵያ በግ ቆዳ በዓለም ገበያ ስሙ የሚነሳው በጓንት ነው፤ ለስላሳና ተለጣጭ ስለሆነ። ጓንት መለጠጡ ጥሩ ነው። ጫማ ሲለጠጥ ጀልባ ይሆናል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ግራና ቀኙን ጎን ለጎን አድርጉና ፊታቸውን በጣታችሁ አጠፍ አድርጉ። አንዱ ጥቃቅን መስመር ሌላው ትልልቅ እጥፋት ካወጣ፣ ሁለተኛው ከከብቱ ሆድ አካባቢ የተቆረጠ ነው። የሆድ ቆዳ ልል ነው። ጎበዝ ሠሪ ከጀርባው ለሁለቱም ፊት ይቆርጣል፣ የሆዱን ለምላስ ያውለዋል።

4. ገልብጡት

የጫማ ሶል በአብዛኛው በሦስት መንገድ ይያዛል።

አንደኛው በማስቲሽ ማጣበቅ ነው። አገር ውስጥ በእጅ ከሚሰራው አብዛኛው እንደዚህ ነው፣ መርካቶ ሸራ ተራም ይሁን እዚህ። ማስቲሽ ስለሆነ ብቻ አትናቁት። ቆዳው በደንብ ተፍቆ ሸካራ ከሆነ፣ ማስቲሹ ሁለቱም ላይ ተቀብቶ እስኪደርቅ ከተጠበቀና ፎርማው ላይ እያለ ከተመታ ዓመታት ይይዛል። የኔ የሠርግ ጫማ ችግሩ ጥድፊያ ነበር፣ ካርቶኑ ሳይረሳ። የበዓል ሰሞን ጫማ አታዝዙ የምለውም ለዚህ ነው። ለፋሲካ ዋዜማ የሚደርስ ጫማ ማስቲሹ ሳይደርቅ ነው የሚወጣው።

ሁለተኛው ከውስጥ እስከ ሶሉ በአንድ ስፌት መያዝ ነው። ማሽኑን አሜሪካዊው ላይማን ብሌክ በ1858 እ.ኤ.አ. አስመዘገበው፣ እኛ ጋ አፄ ቴዎድሮስ ነግሠው ሳለ ማለት ነው። እጃችሁን ጫማው ውስጥ ከታችሁ ወለሉ ዙሪያ ስፌት ከዳሰሳችሁ እሱ ነው። ቀጭን፣ ቀላልና ታጣፊ ነው። ጉድለቱ ውሃ በስፌቱ ቀዳዳ ቀጥ ብሎ ወደ ካልሲ መግባቱ ነው። ለደረቅ ወቅት ግሩም፣ ለሐምሌ አይሆንም።

ሦስተኛው ባለ ዌልቱ ነው። ዌልት ማለት በጫማው ዙሪያ የሚሄድ ቀጭን የቆዳ ጠርዝ ነው። የፊቱ ቆዳ፣ ገበሩና የውስጡ ሶል መጀመሪያ ከዚህ ጠርዝ ጋር ይሰፋሉ። ከዚያ ጠርዙ ለብቻው ከውጭው ሶል ጋር ይሰፋል። ሁለት የተለያየ ስፌት ነው። ስለዚህ የውጭው ሶል ሲያልቅ ሁለተኛውን ስፌት ፈትቶ አዲስ ሶል መስፋት ይቻላል፣ የላይኛው ጫማ ሳይነካ። ውሃም በቀላሉ አይገባም። ማሽኑ የጉድይርን ስም ይዞ ይጠራል። ስሙ የተወሰደው ጎማን በሙቀት ማጠንከር ካገኘው ሰውዬ ሳይሆን ከልጁ ነው። በእጅ ሲሆን ሠሪው በወስፌ እየበሳ፣ በሰም የታሸ ክር ከግራና ከቀኝ በአንድ ቀዳዳ እያሳለፈ ያጠብቃል። አንዷ ስፌት ብትበጠስ ሌላው አይተረተርም።

አደራ፣ የውሸት ዌልት አለ። ለጌጥ ጎማው ላይ የታተመ ስፌት ወይም የተለጠፈ ጠርዝ። ስፌቱን ከላይ ቁጠሩና ገልብጣችሁ ከታች ፈልጉት። ከታች ምንም ከሌለ ወይ በሶሉ ጉድብ ውስጥ ተደብቋል ወይ የለም። ጉድብ ካለ ጠርዙ አካባቢ የተከደነ ቀጭን መስመር ይታያል። ያም ከሌለ ስፌቱ ጌጥ ነው፣ እለፉት።

ሌላ ማስጠንቀቂያ። ፎም የሚመስል ቀላል ፖሊዩሬቴን ሶል መደርደሪያ ላይ ዓመታት ከተቀመጠ ከውስጥ ይሞታል። አዲስ ይመስላል፣ ስትረግጡት እንደ ድርቆሽ ዳቦ ይፈረፈራል። አቧራ የጠጣ "ቅናሽ" ቦት ስታዩ ሶሉን በጥፍራችሁ ጫን አድርጉ።

5. ሆዱን ዳብሱ

የውስጡን ንጣፍ አንሱ። ሥሩ ቆዳ ከሆነ በጥፍር ሲጫን ምልክት ይቀራል። ካርቶን ደረቅ ነው፣ ሲቧጠጥ ዱቄት ያወጣል። ቆዳው የእግራችሁን ቅርጽ ቀስ በቀስ ይይዛል፣ ላብም ይጠጣል።

የተረከዙን ጀርባ በሁለት ጣት ጭመቁ። ጠንካራ መሆን አለበት፣ ግን እንደ ብረት ሳይሆን እንደ ጠፍር። ካርቶን ከሆነ ታጥፎ ይቀራል።

ከዚያ ጫማውን አጉብጡ። መታጠፍ ያለበት ጣቶች ሥር ነው። መሃሉ ላይ ከታጠፈ በሶሉ ውስጥ መቀበር የነበረበት ቀጭን ብረት የለም ወይም ደካማ ነው፣ ከሁለት ሰዓት ቆሞ መዋል በኋላ ወገባችሁ ይነግራችኋል። ጠረጴዛ ላይም አስቀምጡት። ታኮው ሙሉ በሙሉ ይቀመጥ፣ አፍንጫው ትንሽ ከፍ ይበል። ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዝ ከሆነ ፎርማው ላይ በትክክል አልተወጠረም።

ስፌት ላይ ብዙ አልቆይም። እኩል ይሁን፣ ጫፉ ተቆርጦ የተተወ ክር አይኑር። በጣም የተጠጋጋ ስፌት ሁሌ ጥሩ እንዳይመስላችሁ፣ ቆዳውን እንደ ቴምብር ይበሳዋል።

6. ሲያዝዙ

እጃችሁን ወደ ኪስ ከመስደዳችሁ በፊት ከሱቁ ጀርባ ያለውን ሥራ ለማየት ጠይቁ። ቀብድ የምትሰጡት የቆዳውን ዓይነት፣ የሶሉን አያያዝና የውስጡን ወለል ከተነጋገራችሁ በኋላ ይሁን። ሶሉ ከመሰፋቱ በፊት አንዴ ለመሞከር ቀጠሮ ያዙ። እምቢ የሚል ሠሪ ብዙ ጊዜ ምክንያት አለው፣ እኔ ግን ሌላ እፈልጋለሁ።

የእግራችሁ ጀርባ ከፍ ያለ ከሆነ ማሰሪያው ላይ ሁለቱ ክንፎች ከላይ የተሰፉበትን፣ ተከፍቶ የሚዘረጋውን ዓይነት እዘዙ። የሚዘጋው ዓይነት ለሱፍ ልብስ ያምራል፣ ለወፍራም እግር ግን አፉ እንደተከፈተ ይቀራል።

ዋጋ ላይ መከራከር ያለ ነው። ግን የሠሪውን ሥራ እያጣጣሉ አይደለም። ቆዳ የሚሠራ ሰው በዚህ አገር ብዙ ተሰድቧል። እዚሁ አንጎለላ የተወለዱት አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው አትስደቡ ብለው አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ጋሼ "ድሮ በጫማችን ሠርግ ይሄዱ ነበር፣ እኛን ግን አይጠሩንም" ብለውኛል።

7. ካመጣችሁት በኋላ

የመጀመሪያ ሳምንት በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ አድርጉት። ከዚያም በተከታታይ ቀን አታድርጉ፣ ላቡ እስኪወጣ ቀን ይፈልጋል። ሲረጥብ ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ብርዱን ሸሽቶ ጫማን ከሰል ምድጃ አጠገብ ማስደገፍ የተለመደ ነው። ቆዳው ደርቆ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው።

ሊስትሮ ጋ ስትቀመጡ በኦሞ ውሃ እንዳያጥብባችሁ ንገሩት። እርጥብ ጨርቅ ይበቃል። መጀመሪያ ቅባት ያለው ክሬም፣ ከደረቀ በኋላ ጠንካራው ቀለም፣ ከዚያ ቡርሽ። ክሬሙ ቆዳውን ይመግባል፣ ቀለሙ ያበራል። ቀለም ብቻ በቀለም ላይ ሲደራረብ ቆዳው ይታፈናል። ቅቤና የምግብ ዘይት አትቀቡ፣ ይሸታል፣ ቆዳውንም ያላላዋል።

ታኮውን ጠብቁ። የታችኛው የጎማ ንብርብር ሲያልቅ ወዲያው ወደ ሰፊ ውሰዱት፣ ቆዳው ንብርብር ጋ እስኪደርስ አትጠብቁ። የሶሉን መሃል ደግሞ አልፎ አልፎ በአውራ ጣት ጫኑ። ልል ካለ ሶል የሚቀየርበት ጊዜ ነው፤ ቀዳዳ ካወጣ ዘግይታችኋል፣ ውሃው የውስጡን ወለል ነክቶታል።

ጋሼ የሰፉልኝ ቡናማ ቦት አሁን ሁለተኛ ሶሉ ላይ ነው። ያ የሠርጉ ጫማም አልተጣለም፣ እሳቸው ሱቅ በር ላይ እንደተሰነጠቀ ተሰቅሏል። ደንበኛ ርካሽ ጫማ ይዞ ሲመጣ አውርደው ሆዱን ያሳዩታል። የማን እንደሆነ ግን እስካሁን ለማንም አልነገሩብኝም።